ወላሂ ያላልኩበት ጣና

ሃያ ስድስት ዓመት ሽንኩርት ነግጃለሁ። ከሸዋ ሮቢት ጭኜ ያልደረስኩበት ከተማ ጥቂት ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ። ስለ እነዚህ ከተሞች የሚጠይቀኝ ካለ ሳላቅማማ እመልሳለሁ። ባሕር ዳር ትልልቁን ይወዳል። ጎንደር ደረቁንና አንገቱ የቀጠነውን ይመርጣል። ሐዋሳ ቀለም ያያል፤ ቅርፊቱ ደመቅ ካላለ ፊቱን ያዞራል። የጎንደር ግንብ ስንት በር አለው፣ የሐዋሳ ሐይቅ በየት በኩል ነው ብትሉኝ ግን አንገቴን እደፋለሁ። ከተማ ሁሉ ለእኔ አንድ አትክልት ተራና አንድ ፊቱን ያጨማደደ ደላላ ነበር።

የሽንኩርት ነጋዴ ከተማ የሚገባው ጎህ ሲቀድ ነው። አይሱዙው ከአትክልት ተራው ጀርባ ይቆማል። ጫኝና አውራጆች በተራ ይጣላሉ፣ በተራ ይታረቃሉ። ደላላው መጥቶ አንዷን ሽንኩርት በጥፍሩ ላጥ ያደርግና በዕድሜው እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አጋጥሞት የማያውቅ ይመስል ይተክዛል። ረፋድ ላይ ሸቀጡ ያልቃል። እኔ መኪናው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፌ ጋደም እላለሁ፤ ከዚያ ጉዞ ወደ ቤት። ጣና ካራገፍንበት ቦታ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ያቺን አሥር ደቂቃ በዚያ ሁሉ ዓመት አላገኘኋትም። እውነቱን ለመናገር አልፈለግኋትም። ውሃ ለማየት ብሎ ባጃጅ የሚሳፈር ነጋዴ ያኔ ለእኔ ጤናው የሚያጠራጥር ሰው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ባለቤቴ የማሾ ነጋዴ ልጅ ናት። ማሾ ያቺ የእኛ ቆላ አረንጓዴ፣ ደቃቃ ጥራጥሬ ናት፤ ባለቤቴ ደግሞ እስከ ዛሬ በሮቢት ገበያ ማሾ የምትገዛ፣ የምታስለቅም፣ የምትሸጥ ሴት ናት። በእጇ መውጊያ አይጠፋም። መውጊያ ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ ነው፤ ጆንያው ሳይፈታ ጎኑን ወግተው ከመሃሉ እህል የሚያወጡበት። ጆንያ አፉ ላይ የሚያሳየውና ሆዱ ውስጥ የያዘው ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ ነው። ገበሬው ከላይ ንጹሑን፣ ከመሃል ጠጠር ያለበትን ቢያደርግ እሷ ዘንድ አያልፍም። አንዴ ወጋ አድርጋ መዳፏ ላይ ታፈሰዋለች፣ አየት ታደርገዋለች፣ ከዚያ ወደ ገበሬው ቀና ትላለች። ቀና ስትል ያየኋቸው ገበሬዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያዩት ጫማቸውን ነው።

ይህች ሴት ያኔ ከማጀቴም ሆነ ከደብረ ሲና ወዲያ ተሻግራ አታውቅም ነበር። ከባሕር ዳር ስመለስ፣ ሽንኩርቱ እንዴት ነበር ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ማሾዋን እየለቀመች፣ ጣና እንዴት ነው አለችኝ።

አላየሁትም ማለት ይቻል ነበር። አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ በዓይኗ ፊት ከሽንኩርት ከፍ ያለ ሰው መሆን አማረኝ። ደግሞም የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ነገር አይቼ ነበር። ስንመለስ ጣርማ በር ላይ የመኪናው ሞተር ግሎ ቆመን ነበር፤ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ወደ ታች ብመለከት ይፋት የለም። ደብረ ሲና የለም፣ ሮቢት የለም፣ የሰው እርሻ የለም። ዳር እስከ ዳር ነጭ፣ ዝም ያለ ነገር ተኝቷል። የኮረብቶቹ አናት ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብለው ቆመዋል። ፀሐይዋ ከአፋር በኩል ወጥታ ጫፉን ስትነካው ነጩ ወርቅ ሆነ፣ መልሶ ነጭ ሆነ። ከሥሩ፣ ከየት እንደሆነ በማይታወቅ፣ የሰው ድምፅ ይመጣል። ዶሮም የጮኸ መሰለኝ። ሹፌሩ ራዲያተሩ ላይ ውሃ እየጨመረ ይራገማል፤ እኔ ግን ለተወሰነ ጊዜ ማን እንደሆንኩ ጠፍቶኝ ነበር።

ጉም ነው። ቆላ ላይ የተኛ የጠዋት ጉም።

ለባለቤቴ የነገርኳት ይህንን ነው። ጣና ነጭ ነው አልኳት። ዳርቻ የለውም። ኮረብቶች ውስጡ ቆመዋል፤ ከውስጡ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን አይታዩም። ፀሐይ ስትነካው ወርቅ ይሆንና ይመለሳል። ማሾ የምትለቅምበት እጇ ቆመ። ያን እጅ ያስቆመ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እንዴት አቆማለሁ? በተመለስኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። እኔም ዓይኔ ከሚያውቀው እየቆረጥኩ መስጠት ጀመርኩ። የጎንደርን ግንብ የጣርማ በርን ዋሻ አድርጌ ሠራሁት፤ ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ በቀትር ይበርዳል፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ሰው ሲናገር ግድግዳው ይመልስለታል። ሐረርን ከአሊዩ አምባ ቀዳሁ። አያቴ በልጅነቴ የሚያወሩልኝን የአሊዩ አምባ የድሮ ገበያ፣ ግመሎቹን፣ አሞሌ ጨው የጫኑ በቅሎዎችን እንዳለ አንስቼ አጥር ሠራሁበት። የዓባይ ፏፏቴን ደግሞ የነሐሴውን ሮቢ ወንዝ አደረግሁት፤ ደፍርሶ፣ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ፣ የአንድ ድሃ ፍየል ይዞ ሲወርድ። ፍየሏን ባልጨምር ጥሩ ነበር። ግን ወሬ ሲጥም ሰው ልኩን አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ልናገር። በእኛ ገበያ መሐላ እንደ አቧራ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ አለ። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ በማርያም ይላል፣ ሌላው በልጆቼ ይላል። አባቴ ግን ንግድ ሲያስጀምሩኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ ወላሂ ለማለት አትቸኩል፣ ካልክ ደግሞ ጉሮሮህ ላይ ቢላ ቢያኖሩ የማትለውጠው ይሁን አሉኝ። ብዙ ምክራቸውን ጥዬዋለሁ፤ ይህቺን ይዣለሁ። ስለዚህ ገበያው ያውቀኛል። ወላሂ ካልኩ ማንም ሊያይ ብሎ ጆንያ አይፈታም። በሞቴ ካልኩ ይፈታል።

ለጣና በሞቴ አልኩ። ለግንቡ እመኚኝ አልኩ። ለፍየሏ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ወላሂ ግን አንዴም አላልኩም። ይህቺን ጥንቃቄዬን ማንም ያስተዋላት አልመሰለኝም።

ባለቤቴ የነገርኳትን ቤት አላስቀመጠችውም። በገበያ ቀን ማንጎው ሥር ሴቶቹ ተሰብስበው ማሾ ሲለቅሙ የምታወራላቸው እሱን ነው። እኔ ነጭ ያልኩትን እሷ ወተት አደረገችው፤ ድምፅ ያልኩትን አላህን የሚያወድስ ዚክር አደረገችው። ከሷ አፍ ስሰማው እኔ ራሴ ለማየት እጓጓ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ወሬው ሥር ሰደደ። ፓፓያ የምትሸጠው ጎረቤታችን በመንገድ ስታገኘኝ ሰላምታዋን ትጨርስና፣ «ጋሼ፣ ያቺ ፍየል ግን ተረፈች?» ትለኛለች። ተርፋለች እላታለሁ። ምን ልበላት።

እንዲህ እያልን ስንኖር የመጀመሪያዋ ልጃችን መምህር ሆና ባሕር ዳር ተመደበች። እዚያው ቤት ተከራየች፣ ሰው ሆነች። ባለፈው ጥር፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት እናንተ ኑልኝ ብላ ደወለች። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ሻንጣ ማውረድ ጀመረች።

ሽንኩርቱ ሊነቀል ነው አልኳት። ይነቀላል አለችኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኳት፤ የምንቀመጠው መኪና ላይ ነው አለች። መንገዱ አይታመንም ብል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ስታምነው የኖርከው መንገድ ዛሬ እኔ ስሄድበት ነው ወይ የማይታመን አለች። ማንጎው ሥር ላሉት ሴቶች ደግሞ ቀድማ ነግራቸዋለች፤ ባሌ ያየውን ሁሉ በዓይኔ አይቼ እመጣለሁ ብላ። ሴቶቹም ማን ምን እንደምትጠይቅ ተከፋፍለዋል።

ያን ሰሞን ሰውነቴ ከሳ። ሰው በሐፍረት ቢሞት ኖሮ በመጀመሪያ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ነገሩ የእኔ መዋረድ ቢሆን እችለው ነበር፤ ደላላ ብዙ ጊዜ አዋርዶኛል። የከበደኝ እሷ ናት። በመላው ገበያ ማንም ያላታለላት ሴት፣ ሳትወጋ የተቀበለችው አንድ ጆንያ ቢኖር የእኔ ወሬ ነበር። ያን ጆንያ ከፍታ ጉም ብታገኝበት፣ ያን መውጊያ ዳግም እንዴት ቀና ብላ ትይዛለች? ማንጎው ሥርስ በምን ዓይኗ ትቀመጣለች?

ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ በሚኒባስ ተነሣን። ጣርማ በር ላይ ስንደርስ ጉሙ እኛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንደ ዔሊ ሄደ፤ ከመስኮቱ ውጪ ምንም አይታይም። ባለቤቴ ብርዱን ፈርታ በሻሿ ተጠቅልላ ተኝታለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ያዝን። የዓባይ በረሃ ላይ መኪናው መጠምዘዝ ሲጀምር እኔ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ። በክንዷ ጎሰም አደረገችኝ። ገደሉ ሥሩ እስከማይታይ ወርዶ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ተራራው ተራራ ላይ ተደርቦ ቆሟል።

«ይሄንን አልነገርከኝም» አለች።

እውነቷን ነው። በዚያ በረሃ ሁልጊዜ ተኝቼ ነው የማልፈው። ስለዚህ ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ከሷ እኩል። አፌን ከፍቼ እንዳየሁት እንዳታውቅብኝ ብዬ አዛጋሁ።

ልጃችን በደረስን ማግስት ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰደችን። ጣና ትልቅ ነው፤ ያን አልክድም። ግን ነጭ አይደለም። ዳር ዳሩ ደፍርሷል፣ መሃሉ ግራጫ ነው፣ ሣር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎበታል። ትልቅ መንቁር ያላቸው ወፎች ሥራ እንደፈታ ደላላ ዳር ቆመዋል። ጥንዶች ፎቶ ይነሣሉ፤ በሩቁ አንድ የደንገል ታንኳ ያልፋል። ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማሾ እንደምትመረምር እጇን ውሃው ውስጥ ከታ አወጣችው፣ መዳፏን አየችው። ልጃችን፣ «እማ፣ እንዴት ነው?» ስትላት እጇን በሻሿ ጠረገች።

«ይንቀሳቀሳል» አለች።

የኔ ጣና አይንቀሳቀስም ነበር። እኔ ዓሣ እንብላ፣ እዚህ አገር ዓሣው ጥሩ ነው ማለት ጀመርኩ።

በማግስቱ ፏፏቴው ነበር። በእግር ስንወጣ ጆሮዬን አቁሜ የውሃ ድምፅ እጠብቃለሁ፤ የሚሰማው የወፍ ድምፅ ነው። አፋፉ ላይ ስንደርስ፣ ከዚያ ሁሉ ሰፊ ጥቁር ገደል አንዱ ጥግ ላይ፣ እንደ ነጠላ ጥለት የቀጠነ ውሃ ይወርዳል። በጋ ነው። የሚያስጎበኘን ጎልማሳ ሰውዬ የእሱ ጥፋት ይመስል አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «አባባ፣ በነሐሴ ነው መምጣት» አለኝ። ከዚህ በፊት መጥተን እንደምናውቅ ጠየቀ።

ባለቤቴ ቀደመችኝ። «እሱ አይቶታል። ፍየል ሲወስድ ደርሷል።»

«ፍየል?» አለ ሰውዬው። ወደ ገደሉ ዞሮ አየ፣ ወደ እኔ ዞሮ አየ። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ፍየሏ በየት በኩል ልትመጣ እንደምትችል በልቡ ሲፈልግ አየሁት።

ልጃችን ታየኛለች። ሰውዬው ያየኛል። ባለቤቴ ብቻ ውሃውን ታያለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፣ መውጊያ የያዘች ጊዜ ያለው ፊት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የቆለልኩት ሁሉ በዚያች ቀጭን ውሃ ተጠርጎ ሊሄድ ነው፤ ማዳን የሚችለው አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ያ ቃል ደግሞ ከምላሴ ጫፍ ደርሷል።

«ያኔማ ክረምት ነበር፤ ወላ…»

መዳፏ አፌ ላይ ነበር። ሐይቅ የነካው፣ ማሾ የሚሸት መዳፍ።

«አትማል» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፣ ልጃችን እንኳ የሰማች አይመስለኝም። ከዚያ እጇን አንሥታ ሰውዬውን ውሃው በክረምት እስከ የት ድረስ እንደሚረጭ ጠየቀችው፤ እሱም ከፍየሏ ስለተገላገለ ደስ ብሎት በእጁ እያሳየ አስረዳት።

እስከ አዲስ አበባ ብዙ አላወራንም። የተቆጣች ሴት ዝምታ አውቃለሁ፤ ይሄ እሱ አልነበረም። በልቧ ቦታ ቦታውን የምታስይዝ ሰው ዝምታ ነበር። እኔ ከመስኮቱ ውጪ እያየሁ፣ ያለፍኩባቸውን ከተሞች ሁሉ ተኝቼ እንዳለፍኩባቸው ይታሰበኛል፤ ያየኋት ብቸኛ ነገር ጣርማ በር ላይ ያገኘኋት አንድ ጠዋት መሆኗ፣ እሷንም በሌላ ስም መስጠቴ።

ከአዲስ አበባ ማልደን ተነሥተን ረፋዱ ሳይገፋ ጣርማ በር ደረስን። ዋሻውን ስንወጣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሹፌሩ ጎማዬን ልይ ብሎ ዳር ያዘ። ቆሎና የሱፍ ኮፍያ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡ። ባለቤቴ ሻሿን አስተካክላ ወረደች፣ በሻጮቹ መሃል አልፋ ወደ አፋፉ ሄደች። እኔም ተከተልኩ።

ይፋት የለም። ዳር እስከ ዳር ነጭ ተኝቷል። ኮረብቶቹ ውስጡ ቆመዋል። ፀሐይዋ ጫፉን ይዛው ወርቅ አድርጋዋለች። ከሥሩ፣ ከደብረ ሲና በኩል ይመስለኛል፣ የሰው ድምፅ ይመጣል፤ የሚጠራ፣ የሚመልስ። ባለቤቴ አፋፉ ላይ ቆመች። ነፋሱ ሻሿን ያራግባል። እጇ፣ ያኔ ማሾ ሲለቅም እንደቆመው፣ በአየር ላይ ቀርቷል። እሱን ሳይ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የነበረችው ሙሽራ አጠገቤ የቆመች መሰለኝ፤ እኔም አዲስ ሙሽራ፣ የሽንኩርት ሽታዬ ያልለቀቀኝ።

«እዚህ ነበር የቆምከው» አለች።

«እዚህ ነው።»

«በላ፣ አሁን ማል።»

«ወላሂ» አልኩ። «ወላሂ ያየሁት ይሄንን ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ጥሩ ማሾ ስታገኝ እንደምትነቀንቀው። መቼ አወቅሽ አልኳት። ከመጀመሪያው ቀን አለች። ሽንኩርቱ ረከሰ ስትል ወላሂ ትላለህ፤ መንገድ ተዘጋ ስትል ወላሂ ትላለህ፤ ስለ ጣና ስታወራ ግን በሞቴ አልክ። በሞቴ የሚባልበት ጆንያ ይወጋል፣ እኔም ወጋሁት አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አንዷ ቆሎ ሻጭ እትዬ ቅመሱልኝ ብላ ዘገነችላት፤ ተቀበለችና በመዳፏ ያዘችው።

«ቀኑን ሙሉ ጠጠር ነው የምለቅመው» አለች። «አንተ ስትመጣ ሌላ ነገር አያለሁ። አንድ ቀን ወላሂ ትልበትና ወሬህን መስማት ይቀርብኛል ብዬ እየፈራሁ ነው የኖርኩት።»

ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ቆሎውን ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ። መኪናው ወደ ጉሙ መውረድ ሲጀምር መስኮቱን ከፈተች፣ ነጩ ገባና ፊታችንን አረጠበው። እንደ ሐይቅ ውሃ አይደለም፤ እጅ ሲገባበት ይሸሻል። ደብረ ሲናን አልፈን ጉሙ ከላያችን ሲነሣ፣ የቆላው ሙቀት እንደ ዘመድ መጥቶ አቀፈን፣ ማንጎውም ሽንኩርቱም በየቦታው ነበሩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሴቶቹ ማለዳ ነው ማንጎው ሥር የተሰበሰቡት። እኔ ሚዛኔ አጠገብ ጆንያ የምሰፋ መስዬ ጆሮዬን ወደ እነሱ አቁሜያለሁ። ፓፓያ የምትሸጠው ጎረቤታችን ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰችም።

«እትዬ፣ ጣናስ?»

ባለቤቴ ማሾውን ወንፊት ላይ እየነሰነሰች ነገረቻቸው። ነጭ ነው አለች። ዳርቻ የለውም። ኮረብቶች ውስጡ ቆመዋል፤ ሰዎች ከሥሩ ይጣራሉ፣ አይታዩም። ፀሐይ ስትነካው ወርቅ ይሆናል። ሲነኩት ይሸሻል አለች፤ ይቺ አዲስ ናት፣ የሷ ናት። የሴቶቹ እጅ ሁሉ ቆመ። ስለ ፍየሏ የጠየቀች ነበረች፤ ስለ ፍየሏ የሚያውቅ ሰው እዚያ አገኘን፣ ሲያስባት ነበር አለቻቸው። ይሄ እንኳ እውነት ነው።

ፓፓያ ሻጯ ግን ብልጥ ናት፣ ገበያ ያሳደጋት።

«ወላሂ በይ» አለቻት።

ባለቤቴ በሴቶቹ ራስ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ከአጠገቧ መውጊያውን አነሣች፣ ከፊቷ የነበረውን ጆንያ ጎኑን ወጋ አደረገችው፤ ማሾው እየተንኮለኮለ መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ደህና ደርቋል» አለች። «የማን ነው?»